እናት ድመትን ከነልጆቿ ማንሣት፦ ለደብረ ብርሃን ብርድ የሚሆን አሠራር

መጀመሪያ ያጠፋሁትን ልናገርና ወደ ሥራው እንግባ።

ኅዳር ነበር። ኅዳር ላይ ደብረ ብርሃን ምን እንደምትሆን እዚያ ያደረ ያውቃል። ጠዋት ስትወጡ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሰፈራችን ካለው ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ባዶ ጆንያ የተከመረበት ጥግ ውስጥ፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ አራት የድመት ልጆች አገኘሁ። እናታቸው የለችም። "ተጥለዋል" ብዬ በካርቶን ሰብስቤ ወደ ቤት በረርኩ። የላም ወተት ለብ አድርጌ በጥጥ እየነከርኩ አጠባኋቸው። በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ሞቱ።

በማግስቱ የወፍጮ ቤቷ እትዬ ሱቅ በር ላይ አገኙኝ። "አንቺ ልጅ፣ ያቺ ድመት እኮ ሦስት ሌሊት ሙሉ ጆንያውን እየዞረች ስትጮህ ነው ያደረችው" አሉኝ።

እናትየዋ ምግብ ፍለጋ ወጣ ብላ ነበር። ያ ነው እንግዲህ የእኔ የመጀመሪያ ነፍስ አድን ሥራ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ድመት ከነልጆቿ በጓዳዬ አልፋለች። የያዝኩት መንገድ አንድ ነው፦ ልጆቹን ማትረፍ የፈለገ እናትየዋን ይያዝ። ወተቱ እሷ ዘንድ ነው። ማሞቂያዋም እሷ ናት። አጣቢዋም፣ ሽንት አስሸኚዋም እሷው ናት። የእኛ ድርሻ ቦታ ማመቻቸት፣ ማብላት፣ ከዚያ ገለል ማለት ነው።

የእንስሳት መጠለያ ሲባል ብዙ ሰው አዲስ አበባን ያስባል። እኛ አካባቢ ግን ድመት የምትጠለለው ወፍጮ ቤት፣ የእህል መጋዘን፣ የሥጋ ቤት ጓሮ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን የምጽፈው ከእነዚህ ቦታዎች ስለማንሣት ነው። ከከተማ መጠለያ ለምታመጡትም ወደ ኋላ ላይ አንድ ሁለት ነገር እላለሁ።

መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ

የድመት ልጆች ብቻቸውን ስታገኙ ወዲያው አታንሡ። ተጠግታችሁ እዩአቸው። ተደራርበው ተኝተው፣ ሆዳቸው ክብ ብሎ፣ ፀጉራቸው ንጹሕ ከሆነ እናት አለቻቸው። ቀን ከሆነና ፀሐይ ካለ ራቅ ብላችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት ጠብቁ። ቅርብ ከቆማችሁ አትመጣም። እሷ እናንተን እያየች፣ እናንተ እሷን እየጠበቃችሁ ይመሻል።

ተበታትነው የሚጮኹ፣ ሆዳቸው የተጣበቀ፣ ሲነኩ የሚቀዘቅዙ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። በተለይ ማታ። በእኛ ብርድ የቀዘቀዘ የድመት ልጅ እስኪነጋ አይጠብቅም። እዚያው ባሉበት የሞቀ ውሃ የያዘ ሃይላንድ በካልሲ ጠቅልላችሁ አጠገባቸው አድርጉ፤ እናትየዋ ከመጣች ቦታው ሞቆ ይጠብቃታል። ካልሞቁ ወይም አንዱ መድከም ከጀመረ አንሷቸው። እናትየዋን የመያዙ ሥራ ግን ይቀጥላል።

መጥታ እንደሆነ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። አንድ እፍኝ ዱቄት በዙሪያቸው ነስነስ አድርጉና ሂዱ። ዱካ ካገኛችሁ መጥታለች። ወፍጮ ቤት ከሆነ ይህም አያስፈልግም፤ ወለሉ ራሱ ዱቄት ነው። የተረፉልኝን ሁለቱን ልጆች በዚያው ማታ መልሼ፣ ከሃይላንድ ጋር ጆንያው ላይ አስተኝቼ ሄድኩ። ከሰዓታት በኋላ ስመለስ እትዬ በሩን ከፈቱልኝ፤ በስልኬ ባትሪ ወለሉን አየሁት። ከበሩ ሥር ካለችው ቀዳዳ እስከ ጆንያው ድረስ ትንንሽ ክብ ዱካዎች ተሰልፈዋል። የፊት ግራ እግሯ ዱካ ከሌሎቹ የሳሳ ነው፤ ዱቄቱን በቅጡ አልተጫነውም። በማግስቱ ሳያት እውነትም በዚያ እግሯ ታነክስ ነበር። ልጆቹን ተቀብላቸዋለች። የሰው ጠረን ነክቷቸዋልና ትጥላቸዋለች የሚባለውን አትፍሩ።

ክፍሉ ከድመቷ ይቅደም

ድመት ይዞ ቦታ መፈለግ ጣጣ ነው። አስቀድማችሁ አንድ ትንሽ የሚዘጋ ክፍል አዘጋጁ። ጓዳ ይሁን፣ የማይሠራበት ማድ ቤት ይሁን፣ መታጠቢያ ቤት ይሁን ግድ የለም። በቁም ሣጥን ጀርባና በጣሪያ ያለውን ቀዳዳ ድፈኑ። የፈራች ድመት የማትገባበት ስንጥቅ የለም።

የፓስታ ካርቶን የሚያህል ሣጥን ውሰዱ። በአንዱ ጎን በር ቅደዱለት፤ ግን እስከ ታች አይቀደድ። ልጆቹ ተንፏቀው እንዳይወጡ ከሥሩ አንድ ስንዝር የማይሞላ ደፍ ይቅር። ሣጥኑን ወለሉ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡ። ሲሚንቶ ሙቀት ይመጥጣል። ከሥሩ ጣውላ ወይም ሌላ የታጠፈ ካርቶን አድርጉ።

ለምንጣፍ የመንዝ ባና የሚያህል የለም። አዲሱን አውጡ አላልኩም፤ ያረጀው፣ የተቀደደው ይበቃል። የብርድ ልብስ ከተማ ውስጥ ቁራጭ ብርድ ልብስ አጣሁ የሚል ሰው የለም መቼም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ የተፈታ ክር ካለ በመቀስ አስወግዱት። ክር የድመት ልጅ እግር ላይ ተጠምጥሞ ደም ሲያቆም አይቻለሁ።

ሙቀቱ ላይ አትቀልዱ። የድመት ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋል። ገላውን ራሱ ማሞቅ የሚችለው አራት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ነው። እናትየዋ አብራ ስትተኛ ይህን አብዛኛውን ትሸፍናለች። ለምግብ ስትወጣ እንዲተካት በካልሲ የተጠቀለለውን ሃይላንድ በሣጥኑ አንድ ጎን ብቻ አድርጉ። ሲሞቃቸው ወደ ሌላው ጎን እንዲሸሹ ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ቀይሩት፤ የቀዘቀዘ ሃይላንድ መልሶ ሙቀታቸውን ይወስዳል።

ከሰል አታስገቡ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጋዝ ሰውን እንደሚገድል ሁላችንም ሰምተናል። ድመቷንም ይገድላል፣ ልታዩአት የገባችሁትንም።

ለመጸዳጃ ቢጫ ጄሪካን በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቁ። አንዱ ግማሽ ልክ የሚሆን ገበታ ነው። ጠርዙን በእሳት ለስልሱት። አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ሙሉበት። አመድ ይቅርባችሁ፤ እርጥበት ሲነካው መዳፏን ያቃጥላል። ከምግቡ አርቃችሁ አስቀምጡት። በየቀኑ አውጡት። እርጉዝ ሴት ካለች ሌላ ሰው ያውጣው፤ ከድመት ኩስ የሚመጣ ለፅንስ አደገኛ የሆነ በሽታ አለ። ቶክሶፕላዝሞሲስ ይባላል። ይኸው በሽታ በጥሬ ሥጋም ይመጣል። ድመቷን አባርሮ ጥሬ ሥጋ የሚቆርጥ ቤት ስላየሁ ነው ይህን የምጨምረው።

መያዝ

ሰው የለመደች ከሆነች ሥራው ቀላል ነው። ክዳን ያለው ዘንቢል ውስጥ አስገብታችሁ መሄድ ነው። ክዳኑን ግን በእጅ ብቻ አትመኑ፣ በገመድ እሰሩት።

የምትሸሸዋ ናት አስቸጋሪዋ። እሷን አትሩጡባት። አንዴ ከሮጣችሁባት ሳምንት ሙሉ አታገኟትም፤ ልጆቿንም በአፏ አንጠልጥላ ወደማታውቁት ቦታ ታዛውራቸዋለች። በምትኩ ለሦስት አራት ቀን በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ አብሏት። ወፍጮው ከቆመ በኋላ፣ ምሽት 1 ሰዓት አካባቢ፣ ጥሩ ነው። ሳርዲን የሚያህል መሳቢያ የለም። ሽታው ከጆንያ ጀርባ ያወጣታል።

የድመት ወጥመድ ሱቅ ገብታችሁ አትጠይቁ። ብየዳ ቤት አሠሩ። ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱና ከፍታው 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሽቦ ሣጥን ይበቃል። በሩ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ይሁን። በሩን በገመድ ሰቅላችሁ የገመዱን ጫፍ ይዛችሁ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በሩ ታስሮ ክፍት ይሁን፤ ገብታ በልታ ትውጣ። የመያዣዋ ቀን ሙሉ በሙሉ ገብታ፣ ጅራቷም አልፎ፣ መብላት ስትጀምር ገመዱን ልቀቁ። ችኩል ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያበላሸው። የመጀመሪያው ቀን እኔም በሩን ወገቧ ላይ ለቀቅኩት። ሁለት ሳምንት አስለፋችኝ።

በሩ እንደተዘጋ ጋቢ ጣል አድርጉበት። ጨለማ ሲሆን ትረጋጋለች። ካልሸፈናችሁት አፍንጫዋን ሽቦው ላይ ፈግፍጋ ታደማለች።

እናትየዋ ከተያዘች በኋላ ልጆቹን ሰብስቡ። በሌላ ሣጥን፣ ከሙቅ ሃይላንድ ጋር አድርጉና አጠገቧ አስቀምጧቸው። እየሰማቻቸው ትሂድ። ልጆቹ ቀድመው እጃችሁ ከገቡ ደግሞ ተገላቢጦሹን ሥሩ። በሙቅ ሣጥን አድርጋችሁ ከወጥመዱ ጀርባ አስቀምጡና ሸፍኗቸው። ጩኸታቸውን ሰምታ ትገባለች። ልጆቹ እንዳይበርዳቸው ግን ከአንድ ሰዓት በላይ አታቆዩአቸው።

ስንት ልጆች እንዳሏት ቁጠሩ። ከዚያ ድጋሚ ፈልጉ። ጆንያ እጥፋት ውስጥ አንድ ሁልጊዜ ይቀራል።

አሁን ስለ ንክሻ። ወፍራም እጅጌ ልበሱ፣ ጓንትም ካለ ይሁን። ብትነክሳችሁ ወይም ብትቧጭራችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት ያዙበት፤ 15 ደቂቃ ከምታስቡት በላይ ረጅም ነው። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱና ድመት እንደነከሳችሁ ተናገሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ሆነ እንጂ ድመትም ታስተላልፈዋለች። ምልክቱ ከጀመረ መዳኛ የለውም፤ ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ምራቋን የምታዝረበርብ፣ ሳይነኳት ሰው ላይ የምትዘል፣ የኋላ እግሯ የሚከዳት ድመት ካያችሁ አትንኩ። ሰፈሩን አስጠንቅቃችሁ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

ክፍሉ ውስጥ የወጥመዱን በር ክፈቱ፣ ልጆቹን ሣጥናቸው ውስጥ አስቀምጡ፣ ውጡ። በቃ።

ከባዱ ይኸኛው ነው። ልጆች ማየት ይፈልጋሉ። ቡና የሚጠጡት ጎረቤቶች ማየት ይፈልጋሉ። እናንተም በየሰዓቱ በሩን ከፈት ማድረግ ያምራችኋል። አይሆንም። ድመት ልጇን ትበላለች ይባላል። የምታደርገው ስትጨነቅ ወይም ልጁ ታሞ ወይም ሞቶ ሲሆን ነው፤ እኛ ደግሞ በብዛት የምናስጨንቃት በማየት ነው። በቀን ሁለቴ ሦስቴ ግቡ። ምግብ አስቀምጡ፣ ውሃ ቀይሩ፣ ገበታውን አውጡ፣ ዓይኗን ትኩር ብላችሁ ሳታዩአት ውጡ።

መጀመሪያ ተደብቃ ልትውል ትችላለች። ማታ ትበላለች። አንድ ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ወይም ልጆቹን ለሰዓታት ካልተጠጋቻቸውና ከጮኹ ግን ሐኪም ይያት።

ምን ትብላ?

የምታጠባ ድመት ከሌላ ጊዜው ሁለት ሦስት እጥፍ ትበላለች። "አይጥ አድና ትብላ" ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። እንጀራም አይበቃትም። የድመት ሰውነት ከሥጋ ብቻ የሚያገኛቸው ነገሮች አሉ፤ እነሱን ስታጣ ዓይኗና ልቧ ይጎዳሉ።

ሥጋ ቤት ሄዳችሁ ቅንጥብጣቢ፣ ልብ፣ ሳንባ፣ ጣፊያ ጠይቁ። ቀቅላችሁ ቆራርጣችሁ፣ ቀዝቀዝ ሲል ስጡ። ልብ ከሁሉም ይሻላል። ጉበት በጥቂቱ፣ በሳምንት አንድ ሁለቴ። የተቀቀለ እንቁላልም ይሆናል። ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ ይኑር። በታኅሣሥ ሌሊት ውሃው በረዶ እንዳይሆን ማታ ለብ አድርጋችሁ ቀይሩ።

ወጥ አትስጡ። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምለው የብዙ ሰው ርኅራኄ የሚጀምረው ከወጥ ትራፊ ስለሆነ ነው። ሽንኩርት፣ ቀይም ነጭም ባሮም ቢሆን፣ ቢበስልም ባይበስልም፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። የእኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ነው፤ ሌላው ማጀቢያ ነው።

ጾም ሲገባ ችግር አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ከቤትም ትራፊ አይወጣም። የድመቷ ወተት በዚያው ሲቀንስ አይቻለሁ። እኔ ከቅበላ በፊት ጨውም በርበሬም ያልነካው ቋንጣ አደርቅላታለሁ። በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ እሰጣታለሁ። እንቁላልና ሳርዲንም ይገዛል። የሙስሊም ሥጋ ቤት በአቅራቢያችሁ ካለ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ቀለለ። አንዲት አክስቴ "ጾም አስገድፈሽ ቤቱን አረከስሽው" ብላኝ ነበር። ድመቷ አልቆረበችም አልኳት፤ ሳቀች።

እናትየዋ ላይ ሁለት ነገር ተከታተሉ። ጡቷ ጠንክሮ፣ ቀልቶ፣ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ ቆስሏል፤ ሐኪም ይፈልጋል። ሰውነቷ የሚንቀጠቀጥ፣ አካሄዷ ግትር ግትር የሚል ከሆነ ደግሞ በደሟ ውስጥ ያለው ካልሲየም ወርዷል። ይህኛው ቀጠሮ አይሰጥም፣ በዚያው ሰዓት ውሰዷት።

ሚዛን

የድመት ልጅ ሲወለድ 100 ግራም ገደማ ነው። በየቀኑ ከ10 እስከ 15 ግራም መጨመር አለበት። ዓይን ያታልላል፤ ሚዛን አያታልልም። ትንሽ የማድ ቤት ሚዛን ካላችሁ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መዝኑና ደብተር ላይ ጻፉ። ከሌላችሁ ባለሱቁን ለምኑ። የእኔ ባለሱቅ መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ በሳምንቱ "ጥቁሩ ስንት ገባ?" እያለ ራሱ ይጠይቀኝ ጀመር።

አንድ ቀን ያልጨመረውን ለይታችሁ ሌሎቹ ሳይጋፉት የኋለኛው ጡት ላይ አስጠጉት። ሁለት ቀን ያልጨመረ ወይም የቀነሰ ሐኪም ይየው።

ዓይናቸው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይገለጣል። በሦስተኛው ሳምንት ይንገዳገዳሉ፣ ጥርስ ያወጣሉ። በአራተኛው ሳምንት ከእናታቸው ሳህን መቅመስ ይጀምራሉ። ዓይናቸው በዓይናር ከተጣበቀ ፈልቶ በበረደ ውሃ ጥጥ ነክራችሁ በቀስታ ጥረጉ። ቶሎ ቶሎ ከተመለሰ መድኃኒት ይፈልጋል።

መድኃኒት መስሎ የሚገድል

ሰሜን ሸዋ የበግ አገር ነው። በየቤቱ የበግ መድኃኒት አለ። ድመቶቹን ቁንጫ ሲወርራቸው ሰው እጁ ቅርብ ያለውን ያነሣል። በግ የሚረጭበትን ዲያዚኖን ድመት ላይ አታድርጉ። ፐርሜትሪን ያለበትንም የውሻ ወይም የቤት ተባይ መድኃኒት እንዲሁ። ድመት ይህን የምታስወግድበት ጉበት የላትም ማለት ይቻላል፤ ተንቀጥቅጣ ትሞታለች። እናትየዋ ላይ ብታደርጉት ደግሞ ልጆቹ ከጡቷ ይልሱታል።

ቁንጫን በቅማል ማበጠሪያ ማበጠር ነው። አጠገባችሁ ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ አድርጉና ማበጠሪያውን ድፈቁበት። አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል። ባናውን በፈላ ውሃ እጠቡ። ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት፤ ቁንጫ የድመት ልጅን ደሙን ጨርሶ ይገድለዋል። ከንፈሩን ገልብጣችሁ ድዱን እዩ። ሮዝ ይሁን። ነጭ ከሆነ ሐኪም ጋ ሩጡ።

ፓራሲታሞል አንድ ፍሬ ድመት ይገድላል። "ትኩሳት አላት፣ ሩብ ብሰጣት" አይባልም። የበግ የትል ክኒን ቆርሶ መስጠትም ያው ነው። ለትል ልጆቹ ሁለት ሳምንት ሲሞላቸው ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ፓይራንቴል ይሰጣቸዋል። መጠኑ በክብደት ነው፤ የእንስሳት ሐኪሙ ደብተራችሁን አይቶ ያስላላችሁ። እናትየዋም አብራ ትውሰድ።

የመጨረሻው የአይጥ መርዝ ነው። መርዝ የበላ አይጥ ይደክማል። የደከመ አይጥ ደግሞ የምታጠባ ድመት ቀድማ የምትይዘው ነው። ለነቀዝ እህል ውስጥ የሚጣለው ክኒን የሚያወጣው ጋዝ ደግሞ መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ይገድላል። ስለዚህ የመጋዘን ባለቤት "ነገ ክኒን እንጥላለን" ካለ አራት ቀን የማስለመድ ጊዜ የላችሁም። በዚያው ሌሊት ማውጣት ነው።

እናትየዋ ከሞተች

መኪና ገጭቷት ወይም መርዝ በልታ ከሆነ ሌላ የምታጠባ ድመት ፈልጉ። ልጆቿ በዕድሜ ከተቀራረቡ ብዙ ጊዜ ትቀበላለች። ካልተገኘ እናቱ እናንተ ናችሁ።

የቀዘቀዘ የድመት ልጅ አይጠባም። የሰውነቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ከሆነ ሆዱ መፍጨት ያቆማል፤ የሰጣችሁት ወተት ውስጡ ይበላሻል። መጀመሪያ ማሞቅ። እኔ ደረቴ ላይ፣ ከሹራብ ሥር፣ ጋቢ ደርቤበት እይዛለሁ። መጀመሪያ ልክ እንደ እርጥብ ጨርቅ ነው። አንድ ሰዓት ገደማ ያልፋል። ከዚያ አንድ ጥፍር ቆዳችሁ ላይ ጫር ትላለች። አፉ መፈለግ ይጀምራል። ያን ጊዜ ነው ወተት የሚቀርበው።

የላም ወተት ተቅማጥ ያስይዛል። ለድመት ልጅ የሚሠራ የዱቄት ወተት አዲስ አበባ የቤት እንስሳት ምግብ ከሚሸጡ ሱቆች አስመጡ። እስኪደርስ ለአንድ ሁለት ቀን የተፈላ የፍየል ወተት ከእንቁላል አስኳል ጋር ይሻላል። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ስጡ። በሆዱ ተኝቶ እንጂ እንደ ሕፃን በጀርባው አይደለም፤ ሳንባው ይገባል። በአንድ ጊዜ ለ100 ግራም ክብደት ከ4 ሚሊ ሊትር አትለፉ። በመጀመሪያው ሳምንት በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ነው፣ ሌሊትም። ካጠባችሁ በኋላ በለብታ ውሃ በረጠበ ጥጥ ከሥሩ ዳበስ ዳበስ አድርጉ። እስከ ሦስት ሳምንቱ ሽንቱንም ሆነ ዓይነ ምድሩን ራሱ አያወጣም።

ከከተማ መጠለያ ስታመጡ

ልጆቹን ብቻ መርጣችሁ አትውሰዱ፣ ከነእናታቸው ጠይቁ። ብዙ እንስሳ በአንድ ቦታ ሲኖር ጉንፋንና የድመት ተቅማጥ በሽታ ቶሎ ይዛመታል። ያልጠነከሩ ልጆችን ከዚያ ማውጣት ማትረፍ ነው፤ ግን ወደ ቤታችሁ በሽታ ይዛችሁ ልትገቡም ትችላላችሁ። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ከሌላ ድመት ጋር አይገናኙ። እጃችሁንም ታጠቡ፣ ጫማም ቀይሩ። የተቅማጡ ቫይረስ ወለል ላይ ለወራት ይቆያል፤ ተራ ሳሙና አይገድለውም። ወለሉን አጽድታችሁ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውሃ በጥብጡና 10 ደቂቃ አቆዩበት። ከዚያ በደንብ አለቅልቁ።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባስ ላይ ዘንቢሉን እግራችሁ ሥር እንጂ ጣሪያ ላይ አታስጭኑ። ረዳቱ ይከራከራል፤ የአንድ ሰው ሂሳብ ጨምራችሁ ዝም አሰኙት።

ወደ ሸዋ ሮቢት የምትወርዱ ከሆነ የጻፍኩትን ብርድ ሁሉ ገልብጡት። ጣርማበርን አልፋችሁ ስትወርዱ ከደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ነው የምትደርሱት። እዚያ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ካርቶን ምድጃ ይሆናል። ጥላ፣ አየርና ብዙ ውሃ ያስፈልጋል፤ ሃይላንዱ ይቅር።

ከስምንት ሳምንት በኋላ

ልጆቹን ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ ሰባተኛው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ዳብሷቸው፤ ሰው የሚለምዱት ያኔ ነው። ያ ጊዜ ካለፈ እንደ እናታቸው ሸሺ ሆነው ይቀራሉ። ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው አትስጡ። "አሁኑኑ ስጪኝ፣ አይጥ ጨረሰኝ" የሚል ይመጣል። አምስት ሳምንት የሆነው አይጥ አይዝም፤ አይጡ ነው የሚያሳድደው። የእብድ ውሻ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላቸው ይወጋሉ።

እናትየዋ እያጠባችም ልታረግዝ ትችላለች። እርግዝናዋ ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ነው። ሴት ልጇም በአራት ወሯ ማርገዝ ትችላለች። ስለዚህ ልጆቹ ጡት እስኪተዉ ወንድ አይድረስባት፤ ወተቷ ሲደርቅ ደግሞ ታምክን። እኛ አካባቢ ያሉት ሐኪሞች እጃቸው የተፈታው በላምና በበግ ነው። ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ሴት ድመት አምክነው ያውቁ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ። አያስቀይምም። ካልሆነ አዲስ አበባ መውሰድ ነው።

የወፍጮ ቤቷ ድመት አሁን መክናለች። ልጆቿ ሁለት ቤት ገቡ፤ እሷ ግን ጓዳዬን አልወደደችውም፣ በር በሩን ስታይ ትውላለች። መልሼ ወሰድኳት። እትዬን ከማስረከቤ በፊት አንድ ነገር አስማልኳቸው፦ የአይጥ መርዝ እንዳያስገቡ።

"ምን በወጣኝ?" አሉኝ። "መርዙ በብር ነው፤ እሷ በሳንባ።"